ሜዳ ላይ ኮንሰርት፣ በድሬ ሙቀት፦ የትኛውን ወይን ልቅመስ?

ጥያቄው ከድሬዳዋ ነው። የላከችው አንባቢ የ28 ዓመት ወጣት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሜዳ ላይ ወደሚደረግ የሙዚቃ ኮንሰርት ልትሄድ ነው። ሙዚቃው ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምርና እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ቦታው ላይ ወይን በብርጭቆ የሚሸጥ ድንኳን ይኖራል፤ ያገር ውስጡም የውጪውም ይቀርባል ተብሏል። «እስካሁን የማውቀው አክሱሚትን ነው፤ እሱንም ሠርግ ላይ» ትላለች። «አሁን ሌሎቹንም መቅመስ አምሮኛል። አንዱ ጓደኛችን ግን ‘ወይን ማለት ቀይ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነው) ነው፤ ውዱን ምረጪ፤ ቀይ ደግሞ አይቀዘቅዝም’ ይለኛል። እኔ ቀይ ስጠጣ ራሴን ያመኛል፤ ኬሚካሉ ነው ይሉኛል። ከምን ልጀምር? ስንት ብቀምስ ይበቃኛል? ጓደኞቼ ከበርጫ በቀጥታ ነው የሚመጡት፤ ችግር አለው?»

የጓደኛሽ ምክር ሦስት ነገር ይዟል፤ ሦስቱም ለድሬ አይሆኑም። ከሙቀቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ልማድ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ልማዱ ሲጀመር ቤቶቹ እንደ ዛሬው ማሞቂያ አልነበራቸውም። የክፍሉ ሙቀት 16 ወይም 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጥላ ስር ሆነሽ እንኳ 30 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ፀሐይ ከገባች በኋላም መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ላይ አይደለም፤ ሞቋል።

ወይን ሲሞቅ ቀድሞ የሚወጣው አልኮሉ ነው። አፍንጫሽን ወደ ኩባያው ስታስጠጊ የፍሬው ሽታ ሳይሆን የሚቆነጥጥ ነገር ይቀበልሻል። ስትጠጪው ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ከበድ ይላል፣ ጣዕሙ ይደባለቃል። ያው ጠርሙስ በረዶ ውስጥ 15 ደቂቃ ቆይቶ ቢቀዳልሽ ሌላ ወይን ነው የሚመስልሽ። ስለዚህ ቀይም ቢሆን ይቀዝቅዝ። ልኩ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ነው። ጠርሙሱን በእጅሽ ስትይዢው ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ መዳፍሽን የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን አልፏል። ነጭ ወይንና ሮዜ የሚባለው ሮዝ ቀለም ያለው ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ይጠጣሉ። እነሱን ትንሽ አብዝተው ቢያቀዘቅዙልሽም ግድ የለም፤ ድሬ ላይ ኩባያው ውስጥ ወዲያው ይሞቃሉ።

ቀይ ወይን እንደ ነጩ በረዶ የማይሆንበት ምክንያት ታኒን ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ከውስጡ ዘር የሚመጣ፣ አፍ የሚያደርቅ ነገር ነው። ምድጃ ላይ ተረስቶ የቆየ ሻይ ድድሽንና የጉንጭሽን ውስጥ ሲጨመድድብሽ ታውቂያለሽ፤ ያም ታኒን ነው። ወይኑ በጣም ሲቀዘቅዝ ፍሬው ይደበቅና ታኒኑ ብቻውን ይቀራል፤ መራራ ይሆናል። ነጭ ወይን ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ ስለሚጠመቅ ታኒኑ እምብዛም ነው። ሮዜ ከልጣጩ ጋር ለጥቂት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ስለሚለይ መሀል ላይ ይቀመጣል። ለሞቃት አገር፣ ለሜዳና ለቅመም ምግብ ሮዜ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ጋ «የሴቶች መጠጥ» እያሉ ማጣጣሉ መሠረት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያው ከቀዩ ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደሚደረደር ባላይም፣ ያገር ውስጦቹን በሁለት ቤት መድበሽ ማየት ትችያለሽ። አንደኛው የአዋሽ ወይን ጠጅ ነው። አንቺ የምታውቂው አክሱሚት የዚያ ነው፤ ጣፋጭ ቀይ። ጉደርም የዚያው ቤት ቀይ ነው፤ ስኳሩ ግን የአክሱሚትን ያህል አይደለም። ክሪስታልና ከሚላ ነጮቹ ናቸው። ሁለተኛው ካስቴል ነው። የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን ወይኑን የሚያለማው ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ነው ገበያ ላይ የወጣው። ሁለት ስም አለው። ሪፍት ቫሊ በፍሬው ዓይነት ተለይቶ ይሸጣል፦ ሻርዶኔ ነጭ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ቀይ ናቸው። አካሺያ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፤ ከፊል ጣፋጭ የሆኑ ዓይነቶች አሉት። መለያው ላይ ድራይ ወይም ሚዲየም ስዊት የሚለውን አንብቢ። ቀለሙ ስለ ጣፋጭነቱ ምንም አይነግርሽም። ጣፋጭ ነጭ አለ፤ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነጭም አለ።

ከአክሱሚት ተነስተሽ በቀጥታ ወደ ካቤርኔ ሶቪኞን ብትዘይ እንደማትወጂው ልንገርሽ። ጥፋቱ የምላስሽ አይደለም። ምላስሽ የለመደው ስኳር በአንዴ ይቀርና ታኒን ይመጣበታል። ብዙ ሰው «ድራይ አይስማማኝም» ብሎ ወይንን የሚተወው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መንገዱ ትንሽ ረጋ ቢል ኖሮ ይደርስበት ነበር። ከቀዮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆንሽ ሜርሎ ነው። ከሦስቱ ውስጥ ታኒኑ ለስላሳ የሆነ ቀይ እሱ ነው። ሲራ የቁንዶ በርበሬ ዓይነት ሽታ አለው፣ ከጥብስ ጋር ይገጥማል፣ ግን ከበድ ይላል። ካቤርኔን ለሌላ ቀን ተዪው፤ ወንበር ላለው፣ ብርድ ብርድ ለሚል ምሽት።

ውዱን ምረጪ ለተባለው፣ ከውጭ የሚመጣ ወይን ዋጋ ላይ ጭነትና ቀረጥ አለበት። በሦስት እጥፍ ብር የምትገዢው ጠርሙስ አገሩ ላይ ተራ ወይን ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሜዳ ላይ ነሽ። ውድ ወይን የሚለየው በመዓዛውና በጣዕሙ ዝርዝር ነው። ያን ለማግኘት አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆና የተረጋጋ አየር ያስፈልጋል። አንቺ የሚሰጥሽ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ ነፋስ አለ፤ የጥብሱ ጭስ አለ፤ ከደቻቱ ወንዝ በኩል የሚነሳው አቧራም አይቀርም። ያንን ብር እዚያ አታፍስሺው። መካከለኛ ዋጋ ያለውን፣ ግን በደንብ የቀዘቀዘውን ምረጪ።

አንድ ነገር ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት እዪ፤ ጠርሙሱ የት እንደቆመ። ወደ ድሬ የሚመጣው ወይን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ቆላውን አቋርጦ ነው። መኪናው ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ከነበረ ወይኑ በመንገድ ላይ ሊቀቀል ይችላል። ከዚያ ደግሞ ድንኳኑ ጀርባ ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ከምረውት ይሆናል። ሙቀት የመታው ወይን ምልክት አለው። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ከአንገቱ በታች የሚያጣብቅ የፈሰሰ ነገር ታያለሽ፤ ነጩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ስታሸቺው የተቀቀለ ማርማላታ ይሸታል። እንዲህ ዓይነቱ ሆድ አያምም፤ ግን ተበላሽቷል፤ ብታቀዘቅዢውም አይመለስም። ሳታፍሪ መልሺው። ሌላው ደግሞ የተከፈተው ጠርሙስ ነው። ትላንት ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ወይን በዚህ ሙቀት ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። «አዲስ ክፈትልኝ» ማለት መብትሽ ነው።

ማቀዝቀዣውንም ተመልከቺ። ባልዲ ውስጥ ውኃ የሌለበት በረዶ ብቻ ካለ ጠርሙሱ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በበረዶው መሀል አየር አለ። በረዶና ውኃ እኩል ሆኖ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሲነከር ነው የሚሠራው። አንድ እፍኝ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ሞቆ የነበረ ነጭ እንዲህ ባለው ባልዲ ውስጥ በ20 እና በ30 ደቂቃ መሀል ይደርሳል፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቀጂው በረዶውን ኩባያሽ ውስጥ ሊጨምርልሽ ከፈለገ እምቢ በዪ። ወይኑን ያቀጥነዋል፤ የበረዶው ውኃ ከየት እንደመጣም አታውቂም። ባልዲ ከሌለና ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ከሆነ ወይኑን በዚያ ቀን ተዪው። የቀዘቀዘ ሐረር ቢራ ከሞቀ ወይን ይሻላል፤ የወይን ባለሙያ ሆኜ ነው የምልሽ።

ወደ ራስ ምታትሽ። «ኬሚካሉ» የሚሉት ሰልፋይት ነው፤ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር። ቀዩን ብቻ እሱ ላይ ማላከኩ ግን አይሄድም። ነጭና ጣፋጭ ወይኖች ብዙ ጊዜ ከቀይ ድራይ የበለጠ ሰልፋይት አላቸው። ሰልፋይት ቢሆን ኖሮ ነጩ ይብስብሽ ነበር። ሰልፋይት በእርግጥ የሚያስቸግረው አንዳንድ አስም ያለባቸውን ሰዎች ነው፤ እነሱን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። አስም ካለብሽ ይህን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። የቀይ ወይን ራስ ምታት ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቅርብ ነው። ቀን ሙሉ በሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ባዶ ሆድ፣ ጣፋጩ ቶሎ ቶሎ መውረዱ። አልኮል ራሱ ሽንት ያበዛል፤ ያለሽን ውኃ ያስወጣል። ቀይ ወይን ከነጩ ይልቅ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ እሱ የማይስማማቸው ሰዎች ፊታቸው ይቀላል፣ አፍንጫቸው ይዘጋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። አንቺ አንድ ኩባያ እንኳ ሳትጨርሺ፣ በልተሽና ውኃ ጠጥተሽም የሚያምሽ ከሆነ ቀዩን ተዪና በነጭና በሮዜ ቆዪ። ከሦስት ብርጭቆ አክሱሚት በኋላ ሠርግ ላይ ያመመሽ ከሆነ ግን ምክንያቱ ቀለሙ አይደለም፤ መጠኑ ነው።

ስንት ይበቃል ላልሽው፣ ሒሳቡን ልንገርሽ። የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር። የአልኮል መጠኑ 13 ከመቶ ቢሆን አንዱ ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ በትንሹ ይበልጣል። ሰውነትሽ አንዱን ብርጭቆ ለማስወገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሴት ደግሞ በአማካይ ከወንድ ይልቅ ቶሎ ይይዛታል፤ ከወንዶች እኩል ዙር አትግቢ። አራት ዓይነት መቅመስ ከፈለግሽ ሙሉ ብርጭቆ አትግዢ። ቀጂውን «ለቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ» በዪው፤ ኩባያው ወለል ላይ ሁለት ጣት ያህል ነው። አራቱ ተደምረው አንድ ብርጭቆ ከሲሶ ገደማ ይሆናሉ። በግማሽ የማይሸጡልሽ ከሆነ ከጓደኛሽ ጋር አንዱን ተካፈሉ። ያልወደድሽውን ደግሞ ድፊው። የወይን ባለሙያዎች ሲቀምሱ ይተፋሉ፤ መድፋት ነውር የለውም። ኩባያውን አፍንጫሽ አጠገብ አድርገሽ አሽቺ፣ ፉት በዪ፣ አፍሽ ውስጥ ትንሽ አቆዪው፣ ከዋጥሽው በኋላ ምን እንደቀረ ልብ በዪ። ምራቅሽ ከመጣ ኮምጣጣነቱ ጥሩ ነው። ጉንጭሽ ከደረቀ ታኒን ነው። ደረትሽ ላይ ከሞቀሽ አልኮሉ ነው።

የጓደኞችሽ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ከበርጫ በኋላ ጨብሲ ድሬም ሐረርም የተለመደ ነው፤ የተለመደ ስለሆነ ግን ቀላል አይደለም። ጫት አነቃቂ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በምርቃና ላይ ያለ ሰው ስካሩ አይሰማውም። «ምንም አልሆንኩም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይጨምራል። አልኮሉ ግን ደሙ ውስጥ አለ፤ ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። በዚያ ላይ ምሳ አልበሉም፤ ቀኑ ሞቃት ነበር። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁለቱን ማገናኘት የለበትም። ሌሎቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ይብሉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ወይኑን ዘግየት ያድርጉት። እንደ ፍላጂል ያለ መድኃኒት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስድ ሰው፣ እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ ጨርሶ አይቅመሱ። ታናናሾች አብረው ከመጡም፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ሕጉ ከልክሏል። መኪና ይዞ የመጣ ቅምሻው ይለፈው፤ ለሌላው ባጃጅ አለ።

ስለ ምግቡ በአጭሩ። ቅመም ያለው ነገር አልኮልና ታኒን ሲያገኝ ይብሳል፤ ሚጥሚጣና ካቤርኔ አፍሽን እሳት ያደርጉታል። ባጊያና ሳምቡሳ ከነቃሪያ ማባያቸው ሲቀርቡልሽ የቀዘቀዘ ከፊል ጣፋጭ ነጭ ወይም ሮዜ ያዢ። ትንሿ ስኳር ቃጠሎውን ታስታግሳለች፤ ኮምጣጣው ዘይቱን ይጠርጋል። ጥብሱን ለሜርሎው አቆዪው።

የእኔ ምክር ይኸውልሽ። ከመሄድሽ በፊት ጠንከር ያለ ምሳ ብዪ። ቦታው እንደደረስሽ መጀመሪያ የምትገዢው ውኃ ነው። ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ እያለች፣ ወይን አትጀምሪ። ወደ 12 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ስትጠልቅ በሻርዶኔ ጀምሪ፤ በደንብ የቀዘቀዘ፣ ድራይ። ምናልባት አትወጂው ይሆናል፤ ግን ምላስሽ ገና ንጹሕ ሳለ ስኳር የሌለውን ወይን የምታውቂበት ሰዓት ያ ብቻ ነው። ጣፋጩን ካስቀደምሽ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድራይ ሁሉ ኮምጣጤ ይሆንብሻል። ቀጥሎ ሮዜ፣ ከሳምቡሳው ጋር። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሜርሎ፣ 15 ደቂቃ በረዶ ውስጥ የቆየ፣ ከጥብሱ ጋር። መጨረሻ ላይ ሆድሽ ከፈቀደ የምትወጂውን አክሱሚት፣ እሱንም ቀዝቀዝ አድርገሽ። ከሌሎቹ በኋላ ስትቀምሺው አዲስ ነገር ታገኚበታለሽ። በእያንዳንዱ መሀል አንድ ብርጭቆ ውኃ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ከወደድሽ እሱን ሙሉ ብርጭቆ ግዢና ሙዚቃሽን አዳምጪ። ሮዜ ካልመጣ ከፊል ጣፋጭ ነጩን በቦታው አድርጊ። ቀይ ራስሽን በእርግጥ የሚያምሽ ከሆነ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዝለዪ፤ በሁለት ዓይነት ብቻ መመለስ ምንም አይደለም።

ይህ ሁሉ ለድሬ ነው። ተመሳሳይ ኮንሰርት ሐረር ቢሆን ከተማዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ማታ ጃኬት ትፈልጊያለሽ። እዚያ ቀዩን ቀደም አድርገሽ መጀመር፣ ሲራውንም መሞከር ትችያለሽ።

ጠርሙስ ገዝተሽ ወደ ቤት ልትወስጂ ካሰብሽ ስትወጪ ግዢው እንጂ ስትገቢ አይሁን። ከተከፈተ ቡሹን መልሰሽ ክደኚና ፍሪጅ ውስጥ አቁሚው፤ ቀዩንም ጭምር። ሦስት ቀን ይቆይልሻል።